"በብር አንጣላም" ያለው ሰውዬ

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ስር ሻይ ይዘን የተነሳ ክርክር አለ፣ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ነገሩ የአንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው፣ ግራፊክስ ይሰራል፣ ከመስሪያ ቤት ወጥቶ በራሱ መስራት ገና መጀመሩ ነው፣ እዚሁ ታይዋን ገበያ ሱቅ ላለው ሰው ሎጎና የቴሌግራም ፖስተሮች 15 ሺ ብር አገኝባቸዋለሁ ብሎ ሰርቶ አምስት ሳንቲም አልተከፈለውም። ሰውዬው "አልወደድኩትም፣ ደሞ ዘግይተሃል" ነው ያለው። ልጁ ደግሞ ውል አፍርሷልና እከሰዋለሁ ይላል። የቱን ውል ስንለው ስልኩን አውጥቶ የድምፅ መልእክት አሰማን፣ "አቦ አንተ ብቻ ስራልኝ፣ በብር አንጣላም" የሚል። በቃ ይሄ ነው ውሉ።

አብሮን የተቀመጠ ጨርቅ ነጋዴ አለ፣ በእድሜ ታላቃችን ነው። ወዲያው "ድሮ ድሬ ላይ ሰው በቃሉ ነበር የሚነግደው፣ ባቡሩ ሲገባ ስንት እቃ በቃል ይራገፍ ነበር፣ ለሎጎ ወረቀት የሚያስፈርም ሰው ሰው አያምንም ማለት ነው" አለ። ይህችኑ አንዴ በባቡሩ፣ አንዴ በአባቱ፣ አንዴ በጎረቤቱ እያደረገ ደጋገማት እንጂ ሌላ ነጥብ አልነበረውም።

ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሰርታ ጡረታ የወጣች እትዬ አለች፣ እሷ "ጋሼ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" አለችው። ቀጥላ ወደ ልጁ ዞራ፣ ሕጉ የቃል ውልን አይንቅም ልጄ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1719 ሕግ በጽሑፍ ይሁን ካላለ በቀር ውል የተለየ ፎርም አይፈልግም ይላል፣ የቴሌግራም መልእክትም ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ በ2012 አዋጅ ወጥቷል፣ ግን ድምፁ ውስጥ ዋጋ አለ? ቀን አለ? ስንት ጊዜ እንደምታስተካክል አለ? ከሌለ እሱ ያፈረሰው የቱን ነው፣ አንተስ የዘገየኸው ከየትኛው ቀን ነው? አለችው። ልጁ ዝም አለ። ማስጠንቀቂያስ ሰጠኸው? ቁጥር 1772 አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ያስጠንቅቅ ይላል፣ እስከዚህ ቀን ክፈለኝ ብለህ ጻፍክለት? ስትለው "ብሎክ አደረኩት" አላት። እትዬ ራሷን ያዘች።

የሰራተኛ ሕግ አይጠብቀኝም ወይ ብሎም ጠየቀ። አይጠብቀውም፣ አዋጅ 1156/2011 በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሰራን ሰው አይመለከትም፣ እንዲህ ያለ ሰው የሚደገፈው በገባው ውል ነው።

ከዛ ሌላ ወረቀት አወጣ፣ ከሌላ ድርጅት የፈረመው፣ ሳያነብ ነው የፈረመው። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። "ክፍያ የሚፈጸመው አሰሪው በስራው ሙሉ በሙሉ ሲረካ ነው" ይላል፣ ዝቅ ብሎ "ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ከዋጋው 2 በመቶ ይቀጣል" ይላል። አሰሪው መቼ ነው የሚረካው? ልኩ የት አለ? ቅጣቱ ደግሞ ቁጥር 1892 ላይ ጉዳት ባይደርስም ይጠየቃል ተብሏል፣ ስለዚህ ልጁ ሲዘገይ ይቀጣል፣ እነሱ ክፍያ ሲያዘገዩ ግን ወረቀቱ ምንም ቅጣት አላስቀመጠባቸውም። ነጋዴው እዚህ ላይ "አየሽ፣ ወረቀት ነው የጎዳው" አለ። አይደለም፣ አለማንበቡ ነው የጎዳው! ማስተካከያ ሁለት ዙር፣ ስራውን ካስረከብኩ በኋላ በ7 ቀን አስተያየት ካልመጣ እንደተቀበላችሁ ይቆጠር፣ ግማሹ አስቀድሞ ይከፈል፣ ቢል ኖሮ ወረቀቱ እሱንም ይጠብቀው ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እኔ መሃል ገብቼ ነጋዴውን ሱቁን በቃል ነው ወይ የተከራየው አልኩት። በውል ነው፣ ያውም በምስክር። መጋረጃ ልታሰፋ የመጣችን ሴት ያለ ቀብድ ጨርቁን ይቆርጥላታል? አይቆርጥም። ቀብድ ደግሞ በሕጉ ሁለቱንም ወገን ያስራል፣ የሰጠ ውሉን ካፈረሰ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ታዲያ ለራሱ ወረቀትና ቀብድ፣ ለልጁ እምነት? "ያ እቃ ነው፣ ይሄ ኮምፒውተር ላይ የተነካካ ነገር ነው" አለኝ። ልቡ ያለው እዛ ጋር ነበር።

እኔን የሚያናድደኝም ይሄው ነው። እዚህ አገር እምነት የሚጠየቀው ሁሌ ከደካማው ነው። አከራይ ተከራይን "እንደ ልጄ ነሽ" ይልና በወሩ ኪራይ ይጨምራል፣ ደላላ "ወንድሜ" ብሎ ከሁለቱም ወገን ይበላል፣ ዘመድ ለሰርጉ ቪዲዮ አሰርቶ ሂሳብ ሲጠየቅ ይቀየማል። ደፍሮ እንፈራረም ያለ ልጅ ደግሞ ባለጌ፣ ገንዘብ ወዳድ ይባላል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሀብት ያለው ሰው የሌለውን የሚበላበት ሆኗል፣ ትምህርት ቤቱም 12 ዓመት ሙሉ አስተምሮ አንድ ገጽ ውል ማንበብ ሳያሳይ ነው ልጁን የሚለቀው። ነጋዴው ሲነሳ ለልጁ "ለኔም ሱቅ አንድ ፖስተር ትሰራልኛለህ፣ በዋጋው እንነጋገራለን" አለው። ልጁ እትዬን አየት አደረገና "እሺ ጋሼ፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፌ ቴሌግራም ላይ እልክልዎታለሁ፣ እሺ ካሉኝ እጀምራለሁ" አለ።