ለክቡር ጠብታ፣ ከአኳሪየሙ ሥር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቦታውን ለቀው እንዲወጡ ማሳሰብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ በሰከንድ አንዴ ብቻ ጠብ ይላሉ። ሲያዩዎት ምንም አይደሉም፤ ሃያ ብጤዎችዎ ተሰብስበው ከአንዲት ሚሊ ሊትር አያልፉም። ቀኑ ግን 86,400 ሰከንድ ስላለው በማግስቱ ከ4 ሊትር በላይ ሆነው ካቢኔው ውስጥ ተኝተው ይገኛሉ። ካቢኔው ቺፑድ ከሆነ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የእርስዎ ጠብ ማለት በታችኛው ቤት ኮርኒስ በኩል አልፎ ከጎረቤት ጋር ጠብ ይሆናል። ሌላው ሰው «ብለፋ ብለፋ ጠብ የሚል ነገር የለም» እያለ ያማርራል። እኛ ይህን ቃል እንደ ምርቃት እንመኘዋለን።

ዋናው ቅሬታችን አድራሻዎን መደበቅዎ ነው። ከላይ ሾልከው በቧንቧው ወገብ ተንሸራተው ይወርዱና ዝቅ ካለው ክርን (የቧንቧ መታጠፊያ) ላይ ተንጠልጥለው ምስኪኑን ክርን ያስወነጅላሉ። ስለዚህ ፍተሻው እንዲህ ይደረጋል፦ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። ሁሉም ነገር በፎጣ ይደርቃል። ከዚያ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንዳንድ ዙር ሶፍት ተጠቅልሎ ፓምፑ ይነሳና አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ከረጠቡት ሶፍቶች ከሁሉም በላይ ያለው የመኖሪያ ቤትዎ ነው። ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ከመጡ ፓምፑ ውኃ ከሚገፋበት መስመር ነዎት። ሲቆም ብቅ ብለው ሲነሳ ከጠፉና ገንዳው ውስጥ ደቃቅ አረፋ ከበዛ፣ ፓምፑ ውኃ በሚስብበት በኩል ተቀምጠው አየር እያስገቡ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ቧንቧው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በኤሌክትሪክ ገመድ ተሳፍረው ይወርዳሉ። ለዚህኛው ጉዞ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ በታች ረገብ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ እዚያው ዝቅታው ላይ ይውረዱልን።

የሚወዱት ሠፈር ግን መስታወቱን በስቶ የሚያልፈው ባልክሄድ የሚሉት ማያያዣ ነው። ባለቤቱ እርስዎን ባየ ቁጥር ኪያቬ አንስቶ ዳዶውን ያጠብቃል፤ እርስዎም በጠበቀ ቁጥር ይደሰታሉ። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቃለን። ውኃውን የሚያግደው ዳዶው ሳይሆን ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም የጎማ ቀለበቱ ነው። ማጥበቁ ሲበዛበት በጎን ተገፍቶ ይወጣል፣ ወይም ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ከባሰም መስታወቱ ራሱ። ጓርኒሲዮኑ የሚቀመጠው በሰፊው ከንፈርና በመስታወቱ መካከል ነው። በዳዶው በኩል ከተቀመጠ ዳዶው ሲዞር አብሮ ይጠመዘዛል፣ እርስዎም በጥርሱ ዙሪያ እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚቀባው ሲሊኮንም የእርስዎ ወዳጅ ነው፤ ፒቪሲ ላይ በደንብ አይጣበቅም፣ እርጥብ እያለ ደግሞ ጓርኒሲዮኑን እንደ ቅባት ያንሸራትተዋል።

እኛ እንዲህ እናደርጋለን። ሂተሩ ይነቀላል፤ ከውኃ ውጭ ግሎ እንዳይሰነጠቅ። ውኃው ከቀዳዳው በታች እስኪሆን ይቀነስና ማያያዣው ይፈታል። በመስታወቱ ላይ የደረቀው ነጭ ኖራ በሆምጣጤ ይነሳል፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም የአልጌ ክር ለእርስዎ የአውራ ጎዳና ያህል ትበቃለችና ጣት ዙሪያውን ይዳብስ። ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ቅርጹ ካልተመለሰ ይቀየራል። ዳዶው በእጅ እስኪቆም ይዞርና በኪያቬ ሩብ ዙር ይጨመርለታል፤ አለቀ። ከውጭ በሚመጡ አንዳንዶቹ ላይ ግን ዳዶው ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ስንቱ ሰው አጠበቅሁ እያለ በገዛ እጁ በሩን ከፍቶልዎታል!

ጥርስ ባላቸው ፊቲንጎች ላይ ቴፍሎን ከጫፉ ትይዩ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ አራት አምስት ዙር ይበቃዋል። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲገባ ይፈታል። ቧንቧ ሠራተኛ ቃጫና ቀለም ይዞ ከመጣ በክብር ይሸኝ፤ ቀለሙ ለዓሣ አይሆንም። የነሐስ ፊቲንግም መዳብ ስለሚለቅ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ያለበት ገንዳ ውስጥ አይገባም። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ፊቲንግ ደግሞ ለእርስዎ የተላከ ስጦታ ነው። የአሜሪካው ጥርስ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው፤ እኛ ገበያ በብዛት ያለው የእንግሊዙ ዓይነት 55። ግማሽ ኢንችና ሦስት ሩብ ኢንች ላይ ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ገብተው ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይመስላሉም። እርስዎ ግን ልዩነቱን ያውቃሉ።

በማጣበቂያ የተያያዘ ፒቪሲ ላይ ከሰፈሩ ከውጭ መለጠፍ አያዋጣም። ተቆርጦ ይጣላል። አዲሱ ደርቆና ተጠርጎ ይቀባል፣ ሩብ ዙር እየተጠመዘዘ ይገባል፣ 30 ሰከንድ ተይዞ 24 ሰዓት ውኃ ሳያይ ይቆያል። የካኒስተር ፊልተሩ (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ማጣሪያ) የጎማ ቱቦ ጫፍ ደርቆ ከሆነ ሁለት ሴንቲ ይቆረጥ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከር፣ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ በፋሸታ ይታሰር። ኦሪንጉ (የፊልተሩ ክብ የጎማ ማሸጊያ) ላይ የሲሊኮን ግሪስ እንጂ ቫዝሊን አይቀባም፤ ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ስለሆነም ሥራው ካለቀ በኋላ በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት ለ24 ሰዓት እናስቀምጣለን። ሶፍቱ ላይ ክብ እርጥበት ከተገኘ እርስዎ እንደፈረሙበት ይቆጠራል።

ከሰላምታ ጋር
የአኳሪየም ባለቤቶች

ግልባጭ፦
ለታችኛው ጎረቤት (ከኮርኒስ ቀለም ዋጋ ጋር)
ለኪያቬው (እንዲታገስ)
ለባልዲው (እስከ ነገ ከቦታው እንዳይነቃነቅ)