ጥፋቴ ማጥፋቴ ነው

እስቲ ፍረዱኝ። ትናንት ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ አንድ የመማሪያ ክፍል ገባሁ። ሰው የለም። ሰሌዳው ላይ የባለፈው ሳምንት ኢንቴግራል ግማሹ ተጠርጎ ግማሹ ቀርቷል። ስምንቱም መብራት ቦግ ብሏል። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ሰማያዊውን ይረጫል። ሁሉንም አጥፍቼ ወጣሁ። ኮሪደሩን ሳልጨርስ አንድ መምህር ከኋላዬ "ማነው ያጠፋው?" ብሎ ጮኸ።

"እኔ ነኝ።"

"ልገባ እኮ ነው!"

"መቼ?"

"9 ሰዓት ላይ ክላስ አለኝ።"

ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀርቶታል። እሱ ግን ከልቡ ተቆጥቷል። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩ። እኔ! ይቅርታ!

በእኛ ቋንቋ አጥፊ ማለት ጥፋተኛ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማጥፋት ነው። የአንድ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኢነርጂ ቁጠባ መሐንዲስ ነኝ። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። መደቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል፤ ኦዲት ያደርጋል፣ ብክነትን ይለያል፣ የማሻሻያ ሐሳብ ያቀርባል። በተግባር ግን በቀን አሥሬ የምሰማው "ኢንጂነር፣ ሶኬቴ ይጨሳል"፣ "ኢንጂነር፣ የቢሮዬ ቡና ማፍያ አልሠራ አለ" የሚለውን ነው። አንድ ኃላፊ የቤቱን ቴሌቪዥን ይዞልኝ መጥቷል። ሠርቼለታለሁ፣ ምን ላድርግ።

ተማሪዎች ያወጡልኝ ስም "መብራት ኃይል" ነው። ማታ መብራት ድርግም ሲል ከየዶርሙ "ኡኡኡ" ይባላል። ቀጥሎ "መብራት ኃይል! አረፍክ?" የሚል ድምፅ ይመጣል። በሳምንት ውስጥ መስመሩ በዝናብም በነፋስም ይቋረጣል። ሁሌም እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሲመጣ ግን ይጨበጨባል፤ ለእኔ አይደለም።

የፓምፑን ነገር ልንገራችሁ። ግቢው ውስጥ ከጉድጓድ ውሃ የሚገፋ 15 ኪሎዋት ፓምፕ አለ። ውሃው ሮቶዎቹን ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ አንድ ተንሳፋፊ ነገር አለ፣ ፍሎተር የምንለው። ተበላሸ። ተበላሽቶ ከረመ። ፓምፑ ቀንና ሌሊት 24 ሰዓት ይሠራል። ለግቢው ግን 8 ሰዓት ይበቃዋል። የቀረው 16 ሰዓት፣ በ15 ኪሎዋት አባዙት፤ በቀን 240 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 7,200። ውሃው ሞልቶ ሜዳው ላይ ይፈስሳል። ከዶርም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ተማሪ ጄሪካን ይዞ ደረጃ ይወርዳል፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ቧንቧ ተሰብሯል፤ ያኛው የሌላ ክፍል ሥራ ነው።

ፍሎተሩ የሁለት ሰው ምሳ የሚያህል ዋጋ ነው። ለመግዛት አራት ወር ፈጀ። ፕሮፎርማ ሦስት ያስፈልጋል። ሁለት ሱቅ ብቻ ነው ያለው። በመጨረሻ በኪሴ ገዛሁና እኔው ገጠምኩት። ምን የሆነ ይመስላችኋል? በሳምንቱ አትክልተኛው ከሰሰኝ። "ሣሩን አደረቅኸው" አለ። እውነቱን ነው፣ ሣሩ ደርቋል። ለአራት ወር በፓምፕ ሲጠጣ የከረመ ሣር ነው። ጠቅላላ አገልግሎት ጠርቶ "ግቢው ውበቱን እያጣ ነው" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ 7,200 ኪሎዋት ሰዓት የጠየቀኝ የለም።

ማብራት ማንንም አያስጠይቅም። ማጥፋት ግን ያስጠይቃል። ይሄን ያስተማረኝ አንድ የሌሊት ጥበቃ ነው። የመማሪያ ሕንፃው 40 ክፍል አለው። በየክፍሉ ስምንት መብራት፣ በየመብራቱ ሁለት ባለ 36 ዋት ዘንግ። ዘንጉን ከሚያስነሳው አሮጌ ባላስት ጋር አንዱ ዘንግ ወደ 45 ዋት ይበላል። ሕንፃው ሙሉ ለሙሉ ሲበራ ወደ 29 ኪሎዋት ማለት ነው። አንድ ሌሊት 12 ሰዓት ሲያድር ወደ 345 ኪሎዋት ሰዓት። በዚህ አንድ የቤት ምጣድ 100 ሰዓት ገደማ እንጀራ ይጋግራል። ሌሊት፣ ለማንም።

ጥበቃውን "አባቴ፣ ለምን አያጠፉትም?" አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና "ልጄ፣ ኮምፒውተር ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መብራት ቢበራ ማን ይጠይቀኛል?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። አሁንም የለኝም። ሰው ሲመጣ የሚያበራ ሴንሰር ለኮሪደሩ ይገዛ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ለሙከራ ተገዛ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ላይ ማስቲካ ተለጥፎበት አገኘሁት። ሌላውን ጠቅልለውታል፣ "በሰው ላይ ይበራል፣ ያስደነግጣል" ተብሎ።

አሁን ደግሞ ደሜን ወደሚያፈላው ልግባ።

ግቢው በሙሉ በአንድ ትልቅ ቆጣሪ ነው የሚለካው። ዶርሙ፣ ካፌው፣ ላቦራቶሪው፣ ላይብረሪው፣ የኃላፊዎች ቢሮ፣ ላውንጁ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደምሮ አንድ ቁጥር ይመጣል። ሂሳቡ በቀጥታ ፋይናንስ ይሄዳል፣ ይከፈላል፣ ፋይል ይደረጋል። ዲኑ አያየውም፣ መምህሩ አያየውም፣ ተማሪው አያየውም። እኔም የማየው ለምኜ ነው። ማን ምን ያህል እንደሚበላ ካልታወቀ ማንን "ቀንስ" ልበለው? ለየሕንፃው አነስተኛ ቆጣሪ ይገባ ብዬ ስድስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ "በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል።" በስድስተኛው ላይ ደብዳቤዬን መዝገብ ቤት ራሱ ጠፋብኝ አለ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ በራሱ ጊዜ የጠፋ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ቀናን። ፓምፑ ተስተካከለ። ከዋናው ፓነል ጎን ሞቶ የተቀመጠውን ካፓሲተር፣ መስመሩን ሥራ በማይሠራ ኃይል ከመጨናነቅ የሚያድነውን፣ አስቀየርን። የአስተዳደሩን ሕንፃ መብራት በኤልኢዲ ተካን። ከ12 ወር ሂሳብ ጋር ሳመሳክር ፍጆታው በኪሎዋት ሰዓት ቀንሷል። በዓይኔ አየሁት። በደስታ ሪፖርት ጻፍኩ፣ ግራፍ ሠራሁ፣ ቀለም ቀባሁት።

ስብሰባ ላይ የፋይናንስ ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው "ኢንጂነር፣ ዓመቱን ሙሉ ቁጠባ ቁጠባ ስትል ከረምክ። ሂሳቡ እኮ ጨመረ" አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። ብሩ ጨምሯል፣ አዎ! ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ይጨምራል፣ ለአራት ዓመት። ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ ቤታችሁም ታውቁታላችሁ። ፍጆታው ባይቀንስ ኖሮ ሂሳቡ ከዚህም ይብስ ነበር አልኩ። "እሱን አሳየን" አሉ። ያልመጣ ሂሳብ እንዴት አድርጌ ላሳይ? መንገድ ቢሠራ ይታያል። ሕንፃ ቢቆም ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። የጠፋ መብራት ፎቶው ምንድን ነው? ጥቁር ነው።

ቆይ፣ አላለቀም። ከመብራት ሂሳቡ ብር ቢተርፍስ? ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ "ያን ያህል አያስፈልጋችሁም" ተብሎ ይቆረጣል። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ "አንተ ልጅ፣ ቆጥበህ ልታስቀጣን ነው እንዴ?" ብሎኛል። እየቀለደ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

ኤልኢዲ ያልኩትን ደግሞ አትመኑ። ያ የመጀመሪያው ዙር ነው፣ እኔው ሄጄ የመረጥኩት። ሁለተኛው ዙር በጨረታ መጣ። ስፔሲፊኬሽን ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከፍ ዝቅ የሚለውን የእኛን ቮልቴጅ የሚችል፣ የሦስት ዓመት ዋስትና ያለው፣ ናሙናው የሚለካ። ሁለት ገጹ ግዥ ሲደርስ "ኤልኢዲ አምፖል፣ 18 ዋት፣ ነጭ" ሆነ። አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። አምፖሉ መጣ፣ ላዩ ላይ 18 ይላል፣ ስለካው 11። ሳነሳው "ሞዴል 19 ተቆርጧል" ተባልኩ። ገብቷል ማለት ነው፣ አበቃ። አንድ ሴሚስተር ሳይሞላው ግማሹ መንቆጥቆጥ ጀመረ። አሁን ኮሪደሩ የሰርግ ቤት ይመስላል። የሚያልፈው ሁሉ "ይኸው የአንተ ኤልኢዲ" ይለኛል። የእኔ ሆነ! ሲገዛ የማን ነበር?

"ህዳሴ ተመርቆ አንተ ምን ትቆጥባለህ?" የሚሉኝም አሉ። በተለይ ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ወዲህ ይሄን ያላለኝ ሰው የለም። ግድቡ ሲመረቅ እንደ ማንም እንባ እንባ ብሎኛል። 5,150 ሜጋዋት ቀልድ አይደለም። ግን ወንድሜ፣ ግድቡ አደገ እንጂ የእኛ ግቢ ትራንስፎርመር አላደገም። ያው ግቢው ሲከፈት የተተከለው ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብትነካው እጅ ያቃጥላል። ውቅያኖስ ቢኖርህ ቧንቧህ ቀጭን ከሆነ የሚደርስህ በጠብታ ነው። ደግሞ ሂሳብ ይከፈልበታል፣ ነፃ ነው ያለህ ማን ነው?

የዶርሙን ነገር ሳነሳ ግን ድምፄ ይቀንሳል። በየአልጋው ሥር ስቶቭ አለ። በየሻንጣው ውስጥ የውሃ ማፍያ አለ። ፍተሻ ሲወጣ ፕሮክተሮቹ እኔን ይዘው ይሄዳሉ፣ ሰብስቤ እንድወስድ። አንድ ስቶቭ 1,500 ዋት ቢሆን ወደ 7 አምፒር ይስባል። ሦስት ክፍል በአንድ ባለ 16 አምፒር መስመር ላይ እኩል ሲጥዱ 21 ይሆናል፣ ማቋረጫው ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ብልጥ ይመጣና በ40 ይቀይረዋል። አሁን አይወርድም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው የሚግለው። ይሄ ቁጠባ አይደለም፣ ሕይወት ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው።

ግን ልጆቹን ልፍረድባቸው? ደጋ ነው፣ ኅዳር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። የካፌውን ሽሮ እኔም በልቼ ነው የተማርኩት። ባለፈው አንዷ ፍሬሽ ስቶቩን ስቀበላት "ጋሼ፣ እናቴ በሶና ሽሮ ስትልክልኝ በምን እንድሠራው ነው?" አለችኝ። በየፎቁ አንድ የጋራ ማብሰያ፣ ራሱን የቻለ መስመር ያለው፣ ይሠራ ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። "ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ሆቴል?" ተባልኩ። ስቶቩን መለስኩላት። አትናገሩብኝ።

በዚህ ሁሉ መሐል የሰማኝ አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እንጀራ ቤቱ። 12 ትላልቅ ምጣድ አለ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 3.5 ኪሎዋት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሁሉም እኩል ይሰካ ነበር። 42 ኪሎዋት በአንዴ። በሦስት ተራ እንሰካው ብዬ ላስረዳ ሄድኩ። የእንጀራ ቤቷ ኃላፊ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ አዳመጡኝና "እሱ ቀላል ነው። መጨረሻ ላይስ ለምን አታጠፉም አትለንም?" አሉኝ። አልገባኝም። "ሸክላው እኮ ሙቀቱን ይዞታል። ከነቀልነው በኋላ ሁለትም ሦስትም እንጀራ ይወጣል። ቤቴ እንደዚያ ነው የማደርገው።" አምስት ዓመት ተምሬ ማስተርስ ጨምሬበት ይሄን አላሰብኩትም ነበር። በማግስቱ ጀመሩ። ደብዳቤ የለም፣ ጨረታ የለም። ሴትየዋ የቤታቸውን ሂሳብ ራሳቸው ስለሚከፍሉ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አዲሱን የአስተዳደር ሕንፃ አላነሳም፣ ደም ግፊቴ ይነሳል። በዚህ አየር ማቀዝቀዣ የማያስፈልገው ከተማ ላይ፣ በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት። ከሰዓት ዳቦ ይጋግራል። ኤሲ ሊገዛ ነው። ዲዛይኑን ያየሁት መስታወቱ ከተገጠመ በኋላ ነው፣ "አስተያየት ስጥበት" ተብዬ።

ይሄን የምጽፈው ግቢው ውስጥ ካለችው ክፍሌ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት አልፏል። በመስኮቴ የመማሪያ ሕንፃው ይታየኛል፣ 40ውም ክፍል እንደ ደመራ ይነዳል። ሄጄ ላጥፋው ስል፣ ይኸው አሁን መብራት ሄደ። ዶርሙ "ኡኡኡ" አለ፣ ስሜም ተጠራ። ሕንፃው ጨለመ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ኮከብ ሁሉ ታየኝ።

አሥር ሰከንድ አልቆየም። ጄኔሬተሩ ጉርምርም አለ። በሊትር 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በሚሰጥ ናፍጣ። ዶርሙ ጄኔሬተሩ ላይ አልተገጠመም፣ እንደጨለመ ነው።

የመማሪያ ሕንፃው በራ።