የሻንጣው ዋጋም ከትኬቱ ጋር ይነገረን

እናቴ የእህቴን ስንቅ ለማዘጋጀት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በርበሬው ተቀነጠሰ፣ ታጠበ፣ ተደለዘ፣ ደርቆ ተፈጨ። ሽሮው ተዘጋጀ። ድርቆሹ ፀሐይ ላይ ደርቆ በማዳበሪያ ታሰረ። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን ለቀናት የገባውን ሁሉ ያስነጥስ ነበር። እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ከአራት ዓመት በኋላ ለፋሲካ መጥታ መመለሷ ነው።

ደብረ ማርቆስን አልፈን፣ የዓባይን በረሃ ወርደንና ወጥተን አዲስ አበባ ገባን። ስንቁ አውቶቡስ ጣራ ላይ ሸራ ለብሶ መጣ። በመንገድ ሁሉ የመዘነው ሰው አልነበረም። የተመዘነው ቦሌ ነው።

ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ እኔ ውጭ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጠራ። «ወንድም ጋሼ፣ ትኬትሽ ሻንጣ የለውም አሉኝ» አለች። የተፈቀደላት በእጅ የሚያዝ 7 ኪሎ ብቻ ነው። እሷ የያዘችው 26 ኪሎ ነበር። እዚያው ክፈይ የተባለችው ገንዘብ የትኬቱን ግማሽ ይጠጋል። እሷም አልያዘችም፣ እኔም አልያዝኩም። በሩ ድረስ መጥታ ማዳበሪያውን አቀበለችኝና እያለቀሰች ተመለሰች።

ርካሽ በረራ ይቅር አልልም። እንዲያውም ተባረኩ ነው የምለው። ርካሽ ትኬት ባይኖር እህቴ እናቷን ለማየት ስንት ዓመት ትጠብቅ እንደነበር አላውቅም። በረራውም በሰዓቱ ተነስቶ በሰዓቱ ደርሷል።

አሠራሩም ምክንያት አለው። ርካሽ በረራ ያላቸው አየር መንገዶች በትኬቱ የሚሸጡት ወንበሩን ነው። ሻንጣ፣ ምግብ፣ ብዙ ጊዜም ውሃ፣ የምትፈልገውን ወንበር መምረጥ፣ ሁሉም ለየብቻ ይከፈልበታል። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ይይዛሉ፤ መለዋወጫውና የአብራሪው ሥልጠና በዚያው ይቀልላቸዋል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ እንዲውልም አይፈልጉም። የአየርላንዱ ራያንኤር ካረፈ በኋላ በ25 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ለመነሳት ነው የሚያቅደው። ሻንጣ ደግሞ ነዳጅም ጊዜም ይበላል። ሁሉም ግን እንዲህ አላደረጉም። እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ውስጥ መብረር የጀመረውና የርካሽ በረራ ፈር ቀዳጅ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ሳውዝዌስት ለብዙ ዓመታት ሁለት ሻንጣ በነፃ ይጭን ነበር። ይህን የተወው በ2025 ነው።

ስለዚህ ለሻንጣ ማስከፈሉን አልቃወምም። እኔን ያንገበገበኝ አለመነገሩ ነው። ትኬቱን የቆረጠልን ቢሮ ዋጋውን ነገረን፣ ቀኑን ነገረን፣ ፓስፖርቷን ተቀብሎ ወረቀት አትሞ ሰጠን። ስለ ሻንጣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከታች። እናቴ አማርኛውንም የምታነበው በመከራ ነው። ቀድመን አውቀን ቢሆን ትኬቱን ስንቆርጥ ሻንጣውን አብረን እንከፍል ነበር። ቀድሞ የተከፈለ ሻንጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በረራው ቀን ከሚጠየቀው ይረክሳል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ደንብ አየር መንገዶች የማይቀሩ ክፍያዎችን በሙሉ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ ያዛል። በምርጫ የሚከፈሉትንም ገና ምዝገባው ሲጀመር በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል። እኛ አገር ትኬት ቆርጦ ለሚሸጥ ሰው ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። «ይህ ትኬት ሻንጣ የለውም፣ በእጅ 7 ኪሎ ብቻ ነው፣ ሻንጣ ከፈለጋችሁ ይህን ያህል ጨምሩ።» በአማርኛ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ባሕር ዳርም ሆነ ማርቆስ፣ ትኬት የምትቆርጡ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ይህችን ተናገሩ። ከእናንተ ትኬት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበር ነው፤ ደግሞም ባዶ እጁን የማይሄድ ሰው ነው።

ማዳበሪያውን ይዤ ፍኖተ ሰላም ስመለስ እናቴ በሩ ላይ አየችው። ምንም አልተናገረች፤ ተቀብላኝ ጓዳ አስገባችው። ሲመሽ ነው የጠየቀችኝ፣ ስንት ኪሎ ነበር የሚፈቀደው ብላ። ሰባት አልኳት። ሰባት መሆኑን ብታውቅ ድርቆሹን ትታ በርበሬውን ብቻ ትልክላት ነበር። ወፍጮ ቤቱ ሚዛን አለው። ከቤታችን ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም።