«ጓደኛዬን አሞት ነው»

የደሴ ሰው ለወዳጁ ያለውን ፍቅር የሚጠራጠር ካለ፣ አመሻሽ ላይ ፒያሳ አንዱ ፋርማሲ በር ላይ ይቁም። ጎረምሳው ሌላው ገዢ እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙና ያገላብጣል። ከዚያ ጠጋ ይልና በሹክሹክታ፣ «ጓደኛዬን ሽንቱን ሲሸና ያቃጥለዋል፤ ምን ልውሰድለት?» ይላል። ወንድምነት ማለት ይሄ ነው! ጓደኛው ቤቱ ተኝቷል፤ የሚያልበው እሱን ነው።

ለዚህ «ጓደኛዬ» ለሚባል ሰው ሐውልት ይገባዋል ባይ ነኝ። ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ምን ተብሎ እንደሚጻፍበት ብቻ ጨንቆኛል። በየፋርማሲው መድኃኒት ይገዛለታል፤ ላቦራቶሪ ግን በሩን ረግጦ አያውቅም።

የሚገዛለት ሲፕሮ የሚባለው ፀረ-ባክቴሪያ ክኒን ነው። እንዲህ የሚያቃጥለው ጨብጥ ከሆነ ግን ሲፕሮን ከለመደው ቆይቷል፤ አይበግረውም። ዛሬ ሐኪም የሚያዝለት ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ነው። አብሮት ሊኖር የሚችለው ክላሚዲያ የሚባል ሌላ የአባላዘር በሽታ ደግሞ የራሱን መድኃኒት ይፈልጋል። የኛ ጀግና ይሄን ሁሉ ዝርዝር ንቆ ጥቂት ፍሬ ይውጣል፤ ትንሽ ሲሻለው የተረፈውን ለሌላ ጓደኛ ያስቀምጣል። ቆጣቢ ትውልድ! ኮንዶምስ? ኧረ ነውር ነው! እሱን ለጓደኛም ቢሆን ማን ይገዛል።

ቂጥኝ የያዘው ከሁሉም ይበልጣል፤ ትዕግሥተኛ ነው። ቁስሉ አያመውም። ዝም ብሎ ከጠበቀው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይደርቃል። «አየህ፣ ለፈጣሪ ሰጠሁት፣ ዳንኩ» ይላል። ተህዋሲው ደሙ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ልብና አንጎል ሊደርስ እንደሚችል መንገር ደስታውን መቀማት ነው። በጊዜው ቢታይ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይበቃው ነበር። ግን መርፌው ያማል፣ ቁስሉ አያምም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ?

ልመርመር የሚል ደፋር ቢገኝም በገዛ ከተማው አይሞክረውም። ነርሷ የአክስቱ ጎረቤት ናት። ስለዚህ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ማን ያውቀኛል ብሎ። የኮምቦልቻውም በዚያው ሰዓት ደሴ ማን ያውቀኛል ብሎ ሐረጎን ይወጣል። ጠመዝማዛው ላይ ሲተላለፉ በመስኮት ሰላም ይባባላሉ። «ወዴት ነው?» «ለሥራ ጉዳይ!» የታክሲ ሹፌሮቻችን እንጀራ በእነዚህ ሰዎች ላይ ቆሟል። ደግሞ ፈጣኖች ናቸው፤ ቅዳሜ ሌሊት ለሆነው ሰኞ ጠዋት ተመርምረው «ነፃ ነኝ» ብለው ይመለሳሉ። የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ አዲስ የገባን ቫይረስ እስከ 3 ወር ላያሳይ እንደሚችል ለመስማት ጊዜ የላቸውም፤ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው።

ሠርግ ሲመጣ ግን ሁላችንም ጠንቃቃ ነን። ከኒካሁም ከተክሊሉም በፊት የኤችአይቪ ወረቀት እንጠይቃለን። ቂጥኝና ጉበት የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ? እሱ ይቆይ፣ ስታረግዝ በነፍሰ ጡር ክትትል ይታይላታል። ታይቶም ቂጥኝ ሲገኝባት ባልየው ቆጣ ብሎ፣ «ከየት አመጣሽው?» ይላታል። አብረህ ታከም ሲሉት፣ «እኔን ምን ያመኛል?» ነው መልሱ። እሷ ብቻዋን ታክማ ትመለሳለች፤ እሱም መልሶ ይሰጣታል። ያለውን ለሚስቱ የማይሰስት ባል እንዲህ ነው።