ባጅ ማድረግ ጥፋት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሰሞኑን ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ሲከራከሩ መሀል ነበርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንዲት ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበሩን ባጅ ደረቷ ላይ አድርጋ ሥራ ገባች፣ አለቃዋ አውልቂ አላት፣ አላወልቅም አለች፣ በነጋታው የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። "የዲሲፕሊን ጉድለት" ይላል ወረቀቱ። ሳንቲም ለምታክል ባጅ!

ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሰውዬ ድሮ ሱፐርቫይዘር ነበሩ፣ ወሬው ሳያልቅ "ቤቱ የሱ፣ ዩኒፎርሙ የሱ፣ ደሞዙ የሱ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ" አሉ። ሌላዋ ተከራካሪ ልጅ የማኅበር ተጠሪ ናት፣ ረጋ ብላ "ጋሼ፣ እዛው ክፍል የኳስ ክለብ ባጅ አድርጎ የሚውል አለ፣ እሱን ማን ነካው?" አለቻቸው። "እሱማ ሌላ ነው።" "ምኑ ነው ሌላ?" ዝም። ከዛ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ንጉሥ አይከሰስ ልጄ" አሉ። በቃ፣ ማስረጃቸው ይቺው ናት።

እኔን ያናደደኝ ይሄው ነው። ደንቡ ለሁሉም ቢሆን ደንብ እንለዋለን፣ የማኅበሩን ብቻ ለይቶ ካስወለቀ ግን ዲሲፕሊን ሳይሆን ማስፈራራት ነው።

ልጅቷ ግን አልተናደደችም፣ እንዲያውም "ማሽን ውስጥ የሚገባ ፒን ከሆነ ይውለቅ፣ ለሰው ደህንነት ነው፣ ምክንያቱ ይነገረን" አለች። ከዛ የአሜሪካውን ነገረቻቸው። ሪፐብሊክ አቪዬሽን የሚባል የአውሮፕላን ፋብሪካ የማኅበር ተጠሪነት ባጅ አናወልቅም ያሉ ሦስት ሠራተኞችን አባረረ፣ ባጁን ካደረጉ ለማኅበሩ እውቅና የሰጠን ይመስላል ብሎ ተከራከረ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሠራተኞቹ ፈረደ። ይኸው ንጉሡ ተከሰሰ፣ ተረታም! እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ "እሱ አሜሪካ ነው።" እሺ፣ የዓለም ሥራ ድርጅት 98ኛ ኮንቬንሽን፣ የአገሮች ስምምነቱስ? የ1949 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለ ባጅ ስም ጠርቶ ባይናገርም ሠራተኛ በማኅበር አባልነቱ እንዳይባረር እንዳይጎዳ ይላል፣ ብዙ አገር ፈርሞታል። እሳቸው ግን አሁንም ሰማይ አይታረስ ላይ ናቸው።

ከሳቸው በላይ የሚያበግነኝ ግን የዘንድሮ ሠራተኛ ነው። ማኔጅመንቱ "እኛ ቤተሰብ ነን" ሲል ያጨበጭባል፣ የድርጅቱን ማስታወቂያ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይውላል፣ ያቺ ባጅ ያደረገች ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሲሰጣት ግን አጠገቧ ያሉት ሁሉ ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ አሉ፣ አንድ ሰው እንኳን "ለምን?" አላለም። ማታ በቴሌግራም ግሩፕ "አይዞሽ" ብሎ መላክማ ሁሉም ይችላል። ነገ ማኅበሩ ተደራድሮ ደሞዝ ቢያስጨምር እኮ ባጅ አላደርግም ያለው ሁሉ እኩል ነው የሚቀበለው፣ ማስጠንቀቂያው ፋይሏ ውስጥ የሚቀመጠው ግን የሷ ብቻ።