የጀበናና የሲኒ ክርክር

ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈር ጀበና ቡና ላይ ቁጭ ብለን አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ የኢራንን ጋዲር፣ ድንክዬዋን ሰርጓጅ መርከብ ማለቴ ነው፣ ፎቶዋን አየና "ይቺ ናት እንዴ አሜሪካን የምታስፈራራው? ሃይገር ባስ አትመስልም?" ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን፣ አልዋሽም። ድሮ ምፅዋ ባህር ኃይል ያገለገሉ አንድ ጋሼ አሉ፣ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው "የናቁት ያስረግዛል" አሉ።

የልጁ መከራከሪያ ምን መሰላችሁ፣ ትልቅ ትልቅ ነው። አለቀ። "የአሜሪካኑ ኒውክሌር ሰርጓጅ 18 ሺህ ቶን፣ ይቺ 120 ቶን!" ይላል እንደ ኳስ ውጤት። በኪሎ ቢሆንማ ጉማሬ ንጉስ ይሆን ነበር።

ጋሼ ቡና የምታፈላዋን ልጅ ሲኒ የምታጥብበትን ሳህን አስመጧት፣ ውሃው ቡና ቡና ብሎ ደፍርሷል። "ስማ ልጄ፣ የፋርስ ባህረ ሰላጤ ጥልቀቱ በአማካይ 35 ሜትር ነው። ያንተ ሰርጓጅ ርዝመቱ 170 ሜትር። ቀጥ አርገህ ብታቆመው አብዛኛው ውጪ ይቀራል" አሉና ሲኒዋን ውሃው ውስጥ ለቀቋት፣ ጠፋች። ከዛ ጀበናውን ብድግ አርገው ሲያስገቡት ሆዱም ጆሮውም አንገቱም ውጪ ቀረ። "ኧረ ጋሼ ጀበናዬን!" አለች ልጅቷ።

በ2007 እ.ኤ.አ. እዛው ሆርሙዝ፣ የባህረ ሰላጤው ጠባብ መውጫ፣ አጠገብ ኒውፖርት ኒውስ የምትባል የአሜሪካ ኒውክሌር ሰርጓጅ ከጃፓን ነዳጅ ጫኝ ጋር ተላትማለች፣ ጫኟ በላይዋ ስታልፍ ውሃው ወደ ላይ ስቧት ነው። ጠላት እንኳን አልነበረም እኮ። ደሞ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ሶናር፣ ሰርጓጅን በድምፅ የሚያድነው መሳሪያ፣ ይደናገራል፣ ድምፁ ከወለሉም ከላይኛው ገፅም እየነጠረ ይመለሳል፣ የታንከሩ ሞተር፣ የአሳ አጥማጁ ጀልባ፣ ሽሪምፑ ሳይቀር ይንጫጫል። መርካቶ መሃል ሹክሹክታ ማዳመጥ በሉት። ድንኳ ሞተሯን አጥፍታ ወለሉ ላይ ለጥ ካለች ድንጋይ ትሁን የሰመጠ መርከብ ትሁን ማን ይለያል።

ልጁ ጎግል ሲያገላብጥ ቆይቶ "እሺ በ1998 እ.ኤ.አ. የሰሜን ኮሪያዋ ድንክ ሰርጓጅ በአሳ መረብ ተይዛ የለ? በመረብ! እንደ ሳርዲን!" አለ፣ ተሳካልኝ ብሎ። እውነት ነው ተይዛለች፣ ውስጧም 9 ሬሳ ተገኝቷል፣ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ግን መረብ ውስጥ የገባችውን ነው የምናውቀው፣ ሳትያዝ ያለፈችውን ማን ቆጠረ? ጋሼ "የናቁት ያስረግዛል" አሉ እንደገና፣ ቼዎናንንም አነሱ። መጋቢት 2010 እ.ኤ.አ.፣ 1,200 ቶን የሚሆን የደቡብ ኮሪያ የጦር መርከብ ለሁለት ተሰንጥቆ ሰመጠ፣ 46 መርከበኛ ሞተ። ደቡብ ኮሪያ ከውጪ ባለሙያዎች ጋር መርምራ ከድንክ ሰርጓጅ የተተኮሰ የሰሜን ኮሪያ ቶርፒዶ፣ ውሃ ውስጥ እየቀዘፈ ሄዶ የሚፈነዳ መሳሪያ፣ ነው አለች፣ ሰሜን ኮሪያ እስከዛሬ ትክዳለች። ቶርፒዶው መርከቡን መምታት እንኳን አላስፈለገውም፣ ከስሩ ሲፈነዳ የውሃው ግፊት ነው ወገቡን የሰበረው።

ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ "ባትሪዋ ግን ቶሎ ያልቃል፣ የምትይዘውም ሁለት ቶርፒዶ ነው።" ይለቅ! አትላንቲክን አቋርጪ ያላት አለ? ደጇን ነው የምትጠብቀው። የግቢ ውሻ ማራቶን ይሮጣል እንዴ።

እኔን ያናደደኝ ግን ልጁ ብቻ አይደለም፣ ሁላችንም እንዲህ ሆነናል፣ ትልቅ ያልሆነ ነገር አይናችን አይሞላም። ፎቁ 12 ነው፣ ሊፍቱ አይሰራም፣ ውሃ ከ3ኛ በላይ አይወጣም፣ ግን መስታወቱ ያብረቀርቃል። ስብሰባው ባነሩ የግድግዳ ያህላል፣ ውስጡ ወሬ። አንዷን ጠባብ ስራ ጥንቅቅ አርጎ የሚሰራ ልጅ ስታመጣላቸው "ልምዱ ትንሽ ነው" ይሉሃል፣ የናቁት ያስረግዛል የሚላቸው ሽማግሌ እንኳን አጠገባቸው የለም። ሰርጉማ አይነሳ። ጎረቤቴ አምና 600 ሰው ጠርቶ በሊሞዚን ተሞሽሮ ዛሬ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ ለሊሞዚኑ ከኔ የወሰዳትን 20 ሺህ ብር አሁንም "ትንሽ ብር ናት እኮ፣ ምን ያስቸኩልሃል" ይለኛል።