እርማት፦ ከፍ አድርጎ ለሚመታ ጠመንጃ ሞረድ መድኃኒቱ አይደለም

ጋሼ፣ የአያቱን ምንሽር የፊት ማነጣጠሪያ ለቀየረው የጎንደር ልጅ «ከፍ አድርጎ ከመታ የፊቱን በሞረድ ቀነስ አድርገው» ብለው መክረዋል። በአክብሮት፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እኛም ሰፈር የሚባለው ይኸው ነው፤ እኔ ራሴ አምኜ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ ደህናውን ማነጣጠሪያ አስሞርጄ፣ ጥይቱ ጭራሽ ሰማይ ሰማይ አለብኝ።

የፊቱ ሲያጥር፣ ከኋላው ማነጣጠሪያ ጋር ለማስተካከል አፈሙዙን ቀና ማድረግ ግድ ይላል። አፈሙዝ ቀና ሲል ጥይቱም ከፍ ይላል። ስለዚህ ለልጁ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ ነው። ልኩም በግምት አይደለም፦ ጥይቱ የሳተበት መጠን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት ተባዝቶ፣ ለኢላማው ርቀት ይካፈላል። በ100 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ በማነጣጠሪያዎቹ መካከልም 60 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ የሚጨመረው 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። የክብሪት እንጨት ውፍረት እንኳ አይሞላም!

ወደ ጎን ከሳተ፣ የፊቱ ማነጣጠሪያ ጥይቱ ወደሄደበት ወገን ይገፋል፤ የኋላው ግን ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት።

«የለበን ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ለምንሽር ይሆናል» የሚለውንም ባይነግሩት ይሻላል። ጠመንጃው አለመጉረሱን አይቶ፣ ማነጣጠሪያው የሚቀመጥበትን ቦይ ስፋት በካሊፐር ይለካና በዚያ ልክ ይፈልግ። ረዘም ያለውን ካገኘ ያን ጊዜ ሞረዱን ያንሳ፤ እየተኮሰ፣ ጥቂት ጥቂት።